ጥቂት የጨመረ እጅ

ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። የቆመው ከቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ከዛሬው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት ለፊት ነው። የሲሚንቶ ሥራ ነው። እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ይወጣልና አየር ላይ ያልቃል። የሚያስገባው በር የለም፣ የሚያደርሰው ፎቅ የለም። ግቢውን የማያውቅ እንግዳ ሕንፃው ፈርሶ ደረጃው ብቻ የተረፈ ይመስለዋል። አይደለም፤ ሲሠራም ሐውልት ነበር። ጣሊያኖች ከተማዋን በያዙ ጊዜ ያቆሙት ነው። እያንዳንዱ እርከን አንድ ዓመት ነው፤ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከጨበጠበት ከ1915 ዓ.ም. አንስቶ ፋሺስቶች እንደ አዲስ ዘመን የቆጠሩት ዓመት።

ከጫፉ ላይ አንበሳ ተቀምጧል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ የመጣ የይሁዳ አንበሳ ነው።

ተማሪ ሳለሁ በዚያ ደረጃ ጎን ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ቆጥሬው አላውቅም። አላየሁትም ነበር ማለት ይቀላል። ያየሁት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ ተማሪዎች ሰብስቤ ላስረዳ ፊቱ ስቆም ነው። ማስረዳት ያቃተው ሰው ደኅና አድርጎ ያያል።

እስቲ እናስበው። ድል ያደረገ ሰው የጠላቱን ሐውልት ሲያገኝ እጁ የሚሄደው ወደ መዶሻ ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ መዶሻም ዲጅኖም የተናደደ ጉልበትም በከተማው ሞልቶ ነበር። ደረጃው በአንድ ጠዋት ይወርድ ነበር። ቢያፈርሱት ግን ፋሺስት ምን ያህል እንደተዝናና፣ ዘመኑን በሲሚንቶ እየቆጠረ ሊኖርብን እንዳሰበ የሚመሰክር አንድ ነገር አብሮ ይጠፋል። እንዳለ ቢተዉት የፋሺስት ሐውልት ሆኖ ይቀጥላል። አንበሳውን ያስቀመጠው እጅ ሁለቱንም አላደረገም። ካለው ላይ አንዲት ነገር ጨመረ፤ የጣሊያን ድካም ሁሉ የአንበሳ መቀመጫ ሆኖ ቀረ።

ልኩን ተመልከቱ። አንበሳው ከደረጃው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ትልቅ ቢሆን ኖሮ ደረጃውን ውጦት እንደ ማንኛውም የሐውልት መቆሚያ ያደርገው ነበር፤ እርከኑን ማንም አይቆጥርለትም። ትንሽ በመሆኑ ግን ዓይን ከታች ይነሳና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይወጣል። ቀጣዩ ዓመት ሊመጣ በሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ አንበሳውን ያገኘዋል። ነገሩ የሚነገረው በዚያ አወጣጥ ውስጥ ነው። ጽሑፍ አያስፈልገውም።

ቢሆንም በየዓመቱ ተማሪዎቼ ለደረጃው መግለጫ እንዲጽፉ አዛለሁ። ከ20 ቃል እንዳይበልጥ እላለሁ። ብዙዎቹ «አረመኔው»፣ «ግፈኛው»፣ «ጀግኖች አባቶቻችን» እያሉ ደረጃው ጋ ሳይደርሱ ቃላቸውን ይጨርሳሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሳስተምር እንደዚያው ነኝ። አንድ ዓመት ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋ እንኳ እምብዛም የማይሰማ ልጅ ስምንት ቃል ጽፋ አመጣች፦ «ደረጃው የጣሊያን ነው። አንበሳው የእኛ ነው። እርከኑን ቁጠሩ።» ከዚያ ወዲህ ሌላ የተሻለ አላየሁም።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ የታሪክ ቦታ መሆኑን ተማሪዎች ይረሱታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው። ቀጥሎ ለሦስት ቀን ከተማው በእሳትና በጥይት ነደደ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቹን ቁጥር 30,000 አለ፤ ዘመኑን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ይጠጋል ብሎ ገመተ። ካምቤልን የማደንቀው ለቁጥሩ አይደለም። የገዳዮቹን ፎቶግራፎች አልጣላቸውም። ጣሊያኖች ለማስታወሻ ብለው ያነሷቸውን ሥዕሎች ከዓይን ምስክሮች ቃል ጋር፣ ከመንገዱና ከሕንፃው ጋር እያስተያየ ምስክር አደረጋቸው። ይሄም ከአንበሳው ወገን የሆነ ሥራ ነው፤ ያልፈረሰውን ነገር አዙሮ ማናገር።

ቤቴ ጎፋ ነው። ከስድስት ኪሎ ወርጄ፣ ከሜክሲኮ በሳር ቤት በኩል ነው የምገባው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከመድረሴ በፊት የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ከሩቅ ይታየኛል፤ ሳልወድ በየቀኑ አየዋለሁ። ከፍታው 99.9 ሜትር ነው፤ ኅብረቱን ለመመሥረት በ9/9/99 የወጣውን መግለጫ እንዲያስታውስ ተብሎ የተለካ። ጥሩ ልኬት ነው። ቀን በሜትር መጻፍ የሚያስቅ ቢሆንም ብልሃት አለው። ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ተመረቀ።

ከሥሩ የነበረው ዓለም በቃኝ ነው።

ለዚያ እስር ቤት ስሙን ያወጣለት ሰው ባለ እጅ ነበር። ዓለም በቃኝ የሚለው መነኩሴ ነው፤ ዓለምን ንቆ፣ ቆብ ጭኖ፣ በፈቃዱ ገዳም የሚገባ። ያንን ቃል ወስዶ ያለ ፈቃዱ ለገባ እስረኛ መስጠት ሙሾም ቀልድም ነው። ፋሺስት በየካቲት ያፈሰውን ሰው እዚያ አጎረ። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ያህል የቀድሞ ባለ ሥልጣናትንና የጦር መኮንኖችን ያለ ፍርድ የረሸነው እዚያ ነው። አፅማቸው በ1984 ዓ.ም. ወጥቶ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። ግድግዳው ግን አልተረፈም፤ ለሕንፃው ሲባል ከነክፍሎቹ ወረደ። በኅብረቱ ግቢ የሰብአዊ መብት መታሰቢያ እንዲቆም ታስቦ የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። ቀና ሐሳብ ነው። እኔ ግን ከመሠረት ድንጋይ ይልቅ አንዲት የእስረኛ ክፍል እንደነበረች ብትቆይ እመርጥ ነበር። አንዲት ክፍል ከ99.9 ሜትር ሥር ብትታይ እኮ፣ ማንም ሳይናገር ልክ እንደ አንበሳው ትሆን ነበር፤ ትልቁ ነገር የትንሹን ታሪክ ተሸክሞ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስንት ጊዜ በሐሳቤ ቦታ ቦታውን መርጬላታለሁ።

ስለ ሕግ ሙያ ደግሞ ላንሳ፤ ሰው ሕግን እንደ እጅ ሥራ አያየውም። የዘር ማጥፋት ወንጀልን የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በኅዳር ወር 1941 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጸድቅ አራት ዓይነት ማኅበረሰቦችን ጠበቀ፦ በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የሚታወቁትን። ረቂቁ ላይ የፖለቲካ ቡድንም ነበረበት፤ በድርድሩ ወደቀ። ለብዙ መንግሥታት ያ ቃል አይመችም ነበር፤ ለምን እንደማይመች መገመት አይከብድም። ስምምነቱን ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ነች፤ ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም.። ከስምንት ዓመት በኋላ ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጓን አወጣች፤ አርቃቂው የስዊዘርላንዱ የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ነው። በዚያ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ዓለም የጣለው ቃል ተመልሶ ገባ። በፖለቲካ የተሰባሰቡ ሰዎችን ለማጥፋት ማቀድም ዘር ማጥፋት ሆነ።

አንዲት ቃል ናት። 1949 ዓ.ም. ማን አስተዋላት? ሕጉ ወፍራም ነው፤ አንቀጹ ከመቶዎቹ አንዱ ነው። ደርግ የዘውዱን ሥርዓት ሲያፈርስ ሕጉን ከነቃሉ ተወው። ከዚያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ ያለበትን ጠርሙስ ሰበረ። ኢሕአፓ የተባለ ሁሉ፣ ኢሕአፓ የመሰለ ሁሉ፣ ኢሕአፓ የሚመስል ጓደኛ ያለው ሁሉ ተለቀመ። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሊመሠርት ሲቀመጥ ቃሏ በቦታዋ ነበረች። የተከሰሱት 5,198 ናቸው፤ ከእነዚህ 2,952ቱ በሌሉበት። ዋናው ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ተከፍቶ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ ተሰጠበት። 12 ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው።

ለተማሪዎቼ ከፍርዱ ይልቅ የማሳያቸው የልዩነት ሐሳቡን ነው። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ዳኛ ኑሩ ሰይድ አልተስማሙም። የፖለቲካ ቡድኖች ከለላ ደርግ ራሱ ባወጣቸው ሕጎች ተነሥቷል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከባድ የሰው ግድያ እንጂ ዘር ማጥፋት ሊባል አይችልም የሚል ነበር አቋማቸው። በብዙኃኑ ተረቱ። እኔም ከብዙኃኑ ጋር ነኝ፤ ገዳይ ራሱ በጻፈው ሕግ ከለላ ቢያገኝ ሕግ ምን ሊረባ ነው? ነገር ግን ያ ሐሳብ ከፍርዱ ጋር አብሮ ተጽፎ፣ አብሮ መቀመጡ ደስ ይለኛል። አገር ምድሩ አንድ ፍርድ በሚጠብቅበት ጉዳይ «አልስማማም» ብሎ ምክንያቱን በአንቀጽ የሚዘረዝር ዳኛ መኖሩ፣ ያንንም ከመዝገቡ ገንጥሎ ያልጣለ ፍርድ ቤት መኖሩ፣ የችሎቱን ሥራ አጠበቀው። ስፌቱ የሚታይ ልብስ ማን እንዴት እንደሰፋው ይታወቃል።

ለክሱ ማስረጃ የሆነው የደርግ ወረቀት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው እዚህ ነው።

የዚያን ዘመን የቢሮ ደብዳቤ በታይፕ የተመታ ነው። የአማርኛ ታይፕ ከአያና ብሩ ጊዜ ጀምሮ አንድ ችግር ነበረበት፦ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት። መላው ፊደሉን መሠረቱንና ቅጥያውን ለያይቶ መምታት ነበር። ስለዚህ የ«ሱ» ጭረት ከ«ሰ» ጎን ትንሽ ወረድ ብላ፣ ወይም ፈንጠር ብላ ትገኛለች። እያንዳንዱ መኪና የራሱ አነካከስ አለው። አንዱ ቅጥያውን ያርቃል፣ ሌላው አንድ ፊደል ሁልጊዜ ያደበዝዛል። ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ሁለት ደብዳቤዎች ከአንድ መኪና መውጣታቸውን ያውቃል። ካርቦን ገብቶ የተመታው ቅጂ ደግሞ ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ እንደ ጭስ የደበዘዘ። ራስጌው ላይ ቁጥር፣ ቀን፤ ቀጥሎ ለማን፣ ጉዳዩ፤ ግርጌው ላይ ፊርማ፣ ማኅተም፣ ግልባጭ። የኢትዮጵያ ቢሮክራሲ በዚያን ጊዜም ግልባጩን አይረሳም ነበር። ዐቃቤ ሕግን ያበላው ያ ነው። ገዳይ ወረቀቱን ቢያቃጥል ግልባጩ የደረሰው ሌላ ቢሮ ነበረ።

አሁን ሰዋስዉን እዩት። ገደልን የሚል ጥቂት ነው። «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት» ይላል። ወይም «ነፃ እርምጃ»። ወሳጁ ማን ነው? ግሡ አይናገርም፤ «ተ» የምትባል አንዲት ፊደል ጭንብል ሆና አድራጊውን ሸፍናለች። ማኅተሙ ግን እዚያው ሥሩ ላይ ተመቷል። ቋንቋው የደበቀውን ቢሮው መሰከረበት። ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ዝም ይላሉ። እኔም ጥያቄ ሳልጨምር ትንሽ እተዋቸዋለሁ።

ስም ዝርዝር ሲሆን ሰንጠረዥ አለው። ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም እያለ ይሄድና፣ የመንግሥት ሰንጠረዥ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ መጨረሻው ዓምድ «ምርመራ» ነው። ለቢሮ ሰው ያ ማስታወሻ መጻፊያ ነው፤ የተለየ ነገር ካለ እዚያ ይሰፍራል። ለእስረኛ ግን ምርመራ ሌላ ነው፤ ወፌ ላላ ነው፣ የውስጥ እግር ግርፋት ነው። አንድ ቃል ለአንዱ ጠባብ ዓምድ፣ ለሌላው የሌሊት ጩኸት። ይህን ማንም አቅዶ አላደረገውም፤ አማርኛ ራሱ እዚያ ላይ አስቀመጠው። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ወረቀት ለተማሪ ሲሰጥ እንደገና በኮምፒውተር ጽፎ ማሳመር የማልወደው። ተጽፎ የጠራው ቅጂ ንባብ ያቀላል። ጭረቷን፣ ካርቦኑን፣ የማኅተሙን ጠማማ አቀማመጥ ግን ይወስዳል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገጽ ሲሰበስብ በወረቀቱ ላይ የጨመረው የመዝገብ ቁጥር ነው። ሌላው እንዳለ ነው።

አጥንትም እንዲሁ ነው የተያዘው።

በ1986 ዓ.ም. ልዩ ዐቃቤ ሕግ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎችን ጠራ። ደርግ እዚህ ሲገድል እዚያም ወታደራዊ መንግሥት ሰው ይሰውር ነበር፤ እነዚህ ባለሙያዎች ሙያውን የተማሩት የራሳቸውን አገር ልጆች በመቆፈር ነው። ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ከፈቱ። የዚህ ሥራ ወጉ ከገበሬ ቁፋሮ ይልቅ ጤፍ ከመልቀም ጋር ይቀራረባል። መሬቱ በሲባጎ በካሬ በካሬ ይከፈላል። ላዩ ሲነሳ ከመቃብሩ ዳር ያለው አፈር ቀለሙ ይለያል፤ ተቆፍሮ የተመለሰ አፈር እንደ ነበረው አይሆንም። ሰው ምን ያህል ቢደለድለው መሬት አይረሳም። ከዚያ በኋላ ዶማ አይገባም፤ ማንኪያ፣ የእንጨት ስንጥር፣ ለስላሳ ብሩሽ ነው። የወጣው አፈር በወንፊት ያልፋል፤ ቁልፍ፣ ጥርስ፣ የጥይት ቁራጭ የሚገኘው እዚያ ነው። አጥንቱ ሳይነሳ ፎቶ ይነሳል፤ አጠገቡ መለኪያ በትር፣ ሰሜንን የሚያሳይ ቀስት፣ ቁጥር ይቀመጣል። ሦስት ነገር ብቻ ናቸው የሚጨመሩት።

ኮተቤ የተገኙት ሰዎች አንገት ላይ የናይሎን ገመድ ነበር። ሥጋ ይበሰብሳል፣ ልብስ ይነትባል፤ ናይሎን አይበሰብስም። ገመዱን ፈትቶ ማሳየት ይቻል ነበር፤ ለሟች ክብር ሲባል መፍታት ያለበትም ይመስላል። ባለሙያ ግን ቋጠሮውን አይነካም። ፍርድ ቤት የሚያየው ቋጠሮውን ነውና። የገዳይን እጅ ከሟች አንገት ላይ ለማንሳት ከሁሉ በፊት እዚያ እንደነበረ መታየት ነበረበት። ይህን ሳስተምር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ሌላ መንገድ አላውቅበትም።

መስቀል አደባባይ ዳር ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ተከፈተ። የሠራው አርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ነው፤ ጥረቱ የተጎጂ ቤተሰቦች ነው። ጠርሙሱ ከተሰበረበት አደባባይ ጋር ፊት ለፊት መሆኑ ግማሽ ሥራው ነው። ውስጡ ብዙ ነገር ያለበት ቢሆንም እኔን የሚያስቆመኝ የመስታወቱ መደርደሪያ ነው። አጥንት አለ። አጠገቡ ከመቃብር አብሮት የወጣ ልብስ፣ ጫማ። ከዚያ አንዲት ጉርድ ፎቶ፤ ለመታወቂያ የተነሳች፣ የዚያ ዘመን አፍሮ፣ ሰፊ ኮሌታ። በአጥንቱና በፎቶው መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ክንድ ያህል ነው፤ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ አንድ ሰው ይሠራል። ሠሪው ተመልካቹ ነው። ሙዚየሙ የጨመረው ፎቶዋን ነው። አስጎብኚዎቹ ውስጥ ራሳቸው የታሰሩ ሰዎች ስላሉበት፣ አንዳንዴ የሚያስረዳው ሰው የቆመው የራሱ ሊሆን ይችል ከነበረ መደርደሪያ ፊት ነው።

እዚያ ስንሄድ ሁልጊዜ አንድ ተማሪ «ኢሕአፓ የገደላቸውስ?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ኢሕአፓም ገድሏል። ለዚህ የምመራቸው የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ አዳማ ላይ የቀድሞ የተማሪ ንቅናቄ ሰዎችን ሰብስቦ ያስቀዳውን፣ በ2002 ዓ.ም. ማኅበራዊ ጥናት መድረክ ያሳተመውን የቃል ታሪክ ነው። ተናጋሪዎቹ እርስ በርስ አይግባቡም። አዘጋጁ ግን አላስታረቃቸውም፤ አለመግባባታቸውን እንዳለ አትሞታል። አንባቢ ከሰላሳ ዓመት በኋላም ያልበረደ ክርክር ያገኛል፤ ያን ክርክር አስማምቶ አንድ ለስላሳ ትረካ ቢያደርገው ኖሮ ለመማሪያ ይቀል ነበር፣ ለምንም ግን አይረባም ነበር።

ወደ ሰፈሬ ልመለስ።

የደርግ ዘመን በ1971 ዓ.ም. ክረምት ላይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሁለት የሃይማኖት መሪዎችን በላ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሐምሌ 21 ሲያስተምሩ አምሽተው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ፤ እሳቸው በዚያው ተገደሉ፣ ባለቤታቸው ኋላ ወደ አሥር ዓመት ታሰሩ። ከአገር ለመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ ብለው ነበር። አቡነ ቴዎፍሎስ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሁለተኛ ፓትርያርክ ነበሩ። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በዚያው ክረምት ገደላቸው። የት እንደተቀበሩ ለቤተሰብም ለምእመንም አልተነገረም። የሁለቱም አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ መካኒሳ ነው፤ ከእኛ ሰፈር ቅርብ። በዚያ በኩል ሳልፍ የሚታወሰኝ ጉዲና በ1967 ዓ.ም. ለቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ለአቶ አማኑኤል አብርሃም የጻፉት ማስታወሻ ነው። አብዮቱ ገና ትኩስ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ እርዳታ ራሷን ችላ እንድትቆም፣ ለሚመጣው ዘመን እንድትዘጋጅ ይመክራሉ። ያ ጽሑፍ ከሌሎች ጽሑፎቻቸው ጋር ተሰብስቦ በ2003 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ወጥቷል፤ አዘጋጁ ፖል ሆፍማን ነው። ማስታወሻው ማስታወሻ እንደሆነ አለ፤ ለማን እንደተጻፈ፣ መቼ እንደተጻፈ ከላዩ ላይ። ቀኑ ከላዩ ባይኖር ደኅና ስብከት ነው። ቀኑ ሲኖር፣ ጸሐፊው አራት ዓመት እንደቀራቸው የሚያውቅ አንባቢ በሌላ ዓይን ያነበዋል።

የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅም ያረፈው እዚሁ፣ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ነው። በወር በ19 ሰፈሩ ነጠላ ለብሶ ሲወርድ አያለሁ። ብዙው ሰው ለታቦቱ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ግቢ የአገሪቱ ፓትርያርክ ማረፋቸውን የሚያውቀው ስንቱ እንደሆነ እንጃ። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቼን ወደዚህ አመጣኋቸውና የለመድነውን ሥራ ሰጠኋቸው፤ መግለጫ፣ ከ20 ቃል ያልበለጠ።

ስምንት ቃል የጻፈችው ልጅ አሁን ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛለች፤ ልታግዘኝ አብራ መጥታ ነበር። እሷም ጻፈች። ማታ ቤት ገብቼ ወረቀቶቹን ሳርም የእሷ ላይ ስም ብቻ አገኘሁ፣ ከሥሩ ደግሞ ሁለት ቁጥር፦ 1971 እና 1984። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። የአጻጻፍ ስሕተት መሰለኝና በእስክሪብቶ ቀስት ስዬ «አስጠጊው» ብዬ ልጽፍ ስል ደወልኩላት።

«ይተዉት፣ መምህር» አለች።

ስልኩን ዘግቼ ወረቀቱን መብራቱ ሥር አስጠጋሁት። ጎላ አድርጋ ሳይሆን በጣም ቀጭን አድርጋ፣ ካልተጠጉት የማይታዩ ነጥቦች ደርድራበታለች። ቆጠርኳቸው። 13 ናቸው።